ጠበል የተጨመረበት ሞተር

በአማቴ ግቢ ስንኖር ባለቤቴ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አሮጌ ማኪና በበሬ አስጎትቶ አመጣ። ሞተሩ ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ዶሮ ጎጆ ሠርታበታለች። ባለቤቴ በጣሊያን ጊዜ አዘዞ ጋራዥ ሠርቷልና፣ ፈትቼ አድሼ ከጎንደር ጠዳ ሰው አመላልስበታለሁ አለ። ልጃችንን ታቅፌ ቆሜ ነበር። ደስ አለኝ። አማቴን ግን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

"ይኸን ብረት የት ልታደርገው ነው?" አሉት።

"በረቱ ውስጥ።"

"የአባትህ በቅሎ በቆመችበት?"

"በቅሎዋ ሞታለች እኮ፣ እምዬ።"

"አንተም ሞተህ ባረፍኸው!"

በእኛ አገር ያን ጊዜ ብረት የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ ይባላል፤ ዓይኑ ይፈራል፤ ከእሱ ጋር ማዕድ የሚቀርብ የለም። ያ ስም ባለቤቴ ላይ ለመለጠፍ ጊዜ አልፈጀበትም። ሞተሩን ከማኪናው አውርዶ ፈታትቶ በነጭ ጋዝ ሲያጥብ፣ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ "አያ ቀጥቃጭ፣ እንዴት አደርክ? ለእኔም ማረሻ ሥራልኝ እንጂ!" ይለዋል። እሱም "ምላስህን አምጣና ልሞርድልህ" ይለዋል። አማቴ ይህን በሰሙ ቁጥር በነጠላቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

በመጨረሻ ፈረዱ። "ይህ ነገር በገዛ እግሩ እስከ መስቀል ከግቢዬ ካልወጣ፣ ከነሚስትህ ከነልጅህ ውጣልኝ።"

ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አልነበሩም። እኛም ሌላ መግቢያ አልነበረንም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ብሎን ተሰበረበት። ቴስታታ የሚሉትን የሞተሩን ክዳን እንዳነሣው፣ ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸውን ጉድጓዶች ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ሸፈነና ብሎን ሊያሠራ ወደ ቀጥቃጮቹ መንደር ወደ ወለቃ ወረደ። አማቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወዴት እንደሄደ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ከቀጥቃጭ ቤት!" አሉ። ቅል ሙሉ ጠበል ይዘው ነበር። በረቱ ገብተው ጨርቁን ገለጡ፤ በስመ አብ ብለው በየጉድጓዱ አፈሰሱትና መልሰው ሸፈኑት።

"ምነው፣ እመይቴ?"

"የሰፈረበት ይውጣለታ። እስከ ሰንበት እንዳትነኪው!"

በቅን ልብ ነው ያደረጉት፤ ልጃቸውን እያዳኑ ነበር። እኔ ግን እርጥብ ቢላዋ ምን እንደሚሆን እያወቅሁ ትእዛዛቸውን መጣስ ፈራሁ። ባለቤቴን ወንዝ ሞልቶ አሳደረው። ሲመለስ ጨርቁን አነሣና ጮኸ።

"ማነው ውኃ የጨመረበት?"

አማቴ ከደጃፍ መለሱ። "ምን አልህ?"

"ውኃ! ማነው ውኃ—"

"ጠበሉን ውኃ አልኸው? ካድህ! ልጄ ካደ!" ብለው ወደ ጎረቤት ወጡ። እስከ ምሽት ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ባለቤቴ መካዱን ሰማ። ጎረቤታችን እንኳ ቀልዱን ትቶ አጥሩን እየዞረ ማለፍ ጀመረ።

ባለቤቴ ሞተሩን ወደ ጎን አዘንብሎ ሊደፋው እጁን ሰደደ። ያዝኩት።

"አይደፋም። ሰው ይረግጠዋል።"

"አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ!"

"አይደፋም አልኩህ።"

ለፈትል ያዘጋጀሁትን ባዘቶ አመጣሁ። እየጠቀለልኩ በየጉድጓዱ ከተትኩ፤ ሲርስ እያወጣሁ በንጹሕ ገበቴ ጨመቅሁ። እሱ ቆሞ ይራገማል። እኔ ጸሎቴን እያደረስኩ እጨምቃለሁ። ገበቴውን ተሸክሜ ሄጄ፣ እግር በማይደርስበት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አፈሰስኩ። ስመለስ ጉድጓዶቹ በዝገት ቀልተው ነበር። ማኖቬላ በሚሉት ማዞሪያ ሊያዞረው ቢል፣ ፒስቶኖቹ ነክሰው ያዙ፤ ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አላየም። እሱ በየጉድጓዱ ዘይትና ነጭ ጋዝ እያጠጣ ይጠብቃል፤ እንጨት ደግፎ ይመታል፤ እንደገና ያጠጣል። አማቴ ዱላው በተሰማ ቁጥር "ቀጥቅጥ! ቀጥቅጥ!" ይሉታል። ሁለቱ መነጋገር ትተው በእኔ በኩል ይላላካሉ። "ንገሪው።" "ንገሪያት።" እኔ ከሰማሁት ግማሹን ዋጥ አደርጋለሁ።

እንቁጣጣሽ አልፎ ፒስቶኖቹ ተላቀቁ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ክዳኑን መለሰ፤ ወለቃ ያሠራውን ብሎን አሠረ። ብሎኑ ሸጋ ሆኖ ገጠመለት። ሌላው ተሰብስቦ ሲያልቅ ደመራ ደረሰ።

የደመራ ዕለት ጠዋት አማቴ ሁለት ጎረምሶችና ጥማድ በሬ ይዘው መጡ። ማኪናውን አስጎትተው ሊያስጥሉት ነው። የእኛን ዕቃ እኔ ራሴ አሥሬ ከደጃፉ አኑሬ ነበር።

"ንገሪው ይልቀቅ" አሉኝ።

መንገር አላስፈለገኝም። ማኖቬላውን ሰክቶ ያዞር ነበር። ሞተሩ አሳለው። ደግሞ አዞረ፤ አሳለው፤ ዝም አለ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ። ባለቤቴ ምራቁን መዳፉ ላይ ተፍቶ አንድ ጊዜ በጉልበቱ ሁሉ ጠመዘዘው፤ ሞተሩ ተነሣ። በሬዎቹ ደንብረው አጥሩን ይዘው ሄዱ። በረቱ በጥቁር ጢስ ተሞላ።

አማቴ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። "አየህ? ያ ርኩስ መንፈስ ወጣ! ጠበሉ ነው ያስነሣው!"

የባለቤቴ ፊት ጥላሸት ለብሶ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው። አፉን ሲከፍት አየሁት። የሚለውን አውቃለሁ። ቢለው ማታ የምናድርበት የለም። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ እጁ ላይ አኖርኳት።

ልጅቷን አየ። እናቱን አየ።

"አሜን" አለ፤ ጥርሱን ነክሶ።

"ጮክ በል!"

"አሜን አልኩ እኮ!"

አማቴ ጠበል ያስነሣውን አላስጥልም ብለው ጎረምሶቹን በሬዎቹን እንዲፈልጉ ሰደዷቸው። እኔ የታሠረውን ዕቃ ፈትቼ መለስኩ። እሳቸውና እሱ እኔን መሐል አድርገው ተቀምጠው፣ "ንገሪው ጢሱ ልብሴን አጠቆረው"፣ "ንገሪያት ልብሷን ጠበል ትርጭበት" እየተባባሉ አመሹ። ሰላም አልነበረም። ልጄ ግን በጣሪያ ሥር ተኝታ ነበር፤ ተመስገን አልኩ።