ይርጋጨፌ ላይ እንሰት የፋቀው ተዋናይ

ቅዳሜ፣ ኅዳር አጋማሽ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የይርጋጨፌው ሚኒባስ ሞልቶ ከዲላ መናኸሪያ ወጣ።

ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ገዛኸኝ ይርጋጨፌ ውስጥ የፊልም አዳራሽ አላቸው። ባለፉት ሁለት እሁዶች ተመልካቹ ፊልሙ ሳያልቅ ጥሎ ወጥቶባቸዋል።

"ነገም ከወጣ አዳራሹ የቡና መጋዘን ይሆናል። ከአንድ ቡና ነጋዴ ጋር ተነጋግረናል" አሉኝ።

የያዙት የአንድ ተዋናይን ሁለት ፊልሞች ነው። በአንዱ ደላላ ሆኖ ይሠራል፤ በሌላው ሚስቱ ሞታበት እንሰት የሚፍቅ የጌዴኦ ገበሬ። የትኛውን እንደሚያሳዩ አልወሰኑም።

ሹፌሩ ሰምቶ ኖሯል።

"ጋሼ፣ ደላላውን ነዋ! ሰውዬው ከዚያ የተሻለ ሠርቶ አያውቅም። አረማመዱ ራሱ ያስቃል።"

"ደላላማ መናኸሪያው ሙሉ አይደል?" አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። አልማዝ ትባላለች፤ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራለች። "ለሱ ብዬ አዳራሽ አልገባም። ገበሬው ይበልጣል።"

"ወንድ እንሰት ሲፍቅ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሚስቱ ሞታ ልጆቹ ምን ይብሉ?"

"እህት የለውም? ጎረቤት የለውም? ሕዝቡ ይስቅበታል። ጋሼን ሥራ ልታስፈቺ ነው!"

በዚህ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል፤ ለቆጮ መፋቁ የሴት ነው።

ወናጎ ላይ ሙዝ ሻጮች መስኮቱን ከበቡ። ከከተማው ስንወጣ መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት ነው፤ ከሥሩ የቀላ ቡና። ክርክሩ አልቆመም። አብዛኛው ተሳፋሪ ወደ ደላላው አደላ። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የጠየቀኝ የለም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ይርጋጨፌ። አቶ ገዛኸኝ ገበሬውን መረጡ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ሹፌሩ እሁድ ሥራ ላይ ነው። የማጠቢያ ጣቢያዎቹ ሴቶች ግን ዕረፍት ናቸው።"

አልማዝና የሥራ ባልደረቦቿ የፊቱን አግዳሚ ያዙ። ፊልሙ ሲጋመስ ገበሬው እንሰቱን በጣውላ ላይ አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ መፋቅ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ገዛኸኝ በሩ ላይ ቆመው አግዳሚዎቹን ያያሉ።

"ቁጭ በል እንጂ!" አለችው አንዷ ገበሬውን።

"እግርህን አንሳ! በተረከዝህ ያዘው!"

"ኧረ ቀስ! ቃጫውን በጠስከው!"

"ተዉት፣ ይለምዳል" አለች አልማዝ።

ተዋናዩ መፋቂያውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጁ ከበስተኋላው መጥታ ትከሻው ላይ ተደገፈች። መፋቂያውን እንደገና አነሣው። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ፊልሙ እስኪያልቅ ከአዳራሹ የወጣ ሰው አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዲላ ከመሳፈሬ በፊት በአዳራሹ በኩል አለፍኩ። ነጋዴው ቁልፍ ሊረከብ መጥቶ ነበር። አቶ ገዛኸኝ ቆመው አነጋገሩት። ቁልፉን አልሰጡትም።