በአደራ የተቀመጠ ተምር

ዳቦ ቆሎ ተደብቄ መብላት የጀመርኩት ደብረ ብርሃን፣ መምህራን ማሰልጠኛ ከገባሁ በኋላ ነው። አንኮበር፣ ቄሱ አባቴ ቤት፣ ሰው ብቅ ካለ "እንብላ" ሳይባል የሚጎረስ ነገር አልነበረም። እኔ ግን የመኝታ ክፍሉን በር ዘግቼ፣ "እንብላ" የምለው ሰው እንዳይመጣብኝ እየጸለይኩ እበላ ነበር። ርቦኝ አይደለም። ፈርቼ ነው።

የፈራሁት የማስተማር ልምምዱን ነው። አሰልጣኞቹ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው እያዩን ልጆች ፊት ቆመን እናስተምራለን፤ የወደቀ ወደ ቤቱ ይሸኛል። አባቴ ደግሞ "ልጄ መምህርት ልትሆን ነው" ብለው ለደብሩ ሰው ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ድምፄ ጠፋ። የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደርግ ግዴታ ካደረገብን የፖለቲካ ውይይት ስንመለስ፣ ሌሎቹ መረብ ኳስ ሊጫወቱ ሲወጡ፣ እናቴ ለወራት ብላ የላከችልኝን ስንቅ ሆዴ እስኪወጠር እሞጅረዋለሁ። ከዚያ ራሴን እጠላለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም እላለሁ፤ እደግመዋለሁ።

አጠገቤ የምትተኛው ልጅ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ረመዳን ሲገባ አንድ ከረጢት ተምር ይዛ መጣች።

"የኔ ሳጥን ቁልፍ የለውም። ማፍጠሪያዬን አንቺ ጋ አስቀምጪልኝ፤ አደራ!"

ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን! በጣም ተናደድኩባት።

የሁለተኛው ሙከራዬ ዋዜማ ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ስንቄ አልቋል። ሳጥኔን ከፍቼ ከረጢቱን ፈታሁት፤ አፌ ምራቅ ሞላ። ቀኑን ሙሉ ጾማ የምትውል ልጅ ማፍጠሪያ! መልሼ ቋጠርኩት። ግን እዚያው ብቀመጥ እንደምፈታው አውቄዋለሁ። ከረጢቱን አቅፌ ወጣሁና ልብስ ስታጥብ አገኘኋት።

"እንቺ፣ እኔ ጋ አይቀመጥ። ስፈራ እበላለሁ፤ ማቆም አቃተኝ" አልኳትና አለቀስኩ።

ከረጢቱን አልተቀበለችኝም። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች።

"በይ የነገውን ትምህርት አስተምሪኝ፤ ተማሪሽ ነኝ።"

በዚያ ብርድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሜ ዘር እንዴት እንደሚበቅል አስተማርኳት። ሆን ብላ የሞኝ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር ድምፄም መጣ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከረጢቱን ፈታችና "እንብላ" አለችኝ። ቀስ ብለን በላን። ተምር እንዲያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አለፍኩ። አበላሌ ግን ወዲያው አልተስተካከለም፤ ፍርሃቱ ሲመጣ አንዳንዴ ያሸንፈኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን በሩን ከፍቼ እሷን ፍለጋ እወጣለሁ።

ተመርቀን ወደየተመደብንበት ልንሄድ ዕቃ ስንሸክፍ፣ ከአንገቷ ክር ላይ ቁልፍ አውጥታ ሳጥኗን ቆለፈች።

"ቁልፍ የለውም አላልሽኝም ነበር? ተደብቄ እንደምበላ እያወቅሽ ነው የሰጠሽኝ? ተምሩን ብበላብሽስ ኖሮ?"

"በማግስቱ ሌላ አምጥቼ እዚያው አንቺው ጋ አስቀምጥ ነበራ" አለችኝ።