በጋራንቲና በዋራንቲ መካከል

ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ለይቶ ማወቅ የአንድ የውሃ ሞተር ግማሽ ዋጋ፣ አምስት ቀንና ሁለት መደብ የሰው ሽንኩርት ፈጅቶብኛል። ትምህርት ቤት ብገባ ይረክስልኝ ነበር።

እንግሊዝኛ የተማርሁት ከካርቶን ላይ ነው። ቢቸና ላይ ሱቅ ከከፈትሁ ወዲህ ሳላነብ ያራገፍሁት ዕቃ የለም። በዚህ ትምህርቴ ጋራንቲና ዋራንቲ ታላቅና ታናሽ ይመስሉኝ ነበር፤ ሁለቱንም «ዋስትና» እላቸዋለሁ፣ ገዥም ደስ ብሎት ይከፍላል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የተከሉ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። የምሸጠውን የውሃ ሞተር እንደ በሬ ዞረው አዩት፤ ጥርሱን መቁጠር ብቻ ነው የቀራቸው።

«ቢበላሽስ?»

«የአንድ ዓመት ዋስትና አለው፣ አባባ።»

«ዋሱ ማነው?»

በእኛ አገር በሬ የሚገዛ ሰው ለሻጩ ዋስ ካልተጠራ ገንዘቡን አይቆጥርም። ዋስ ማለት ቤቱ የሚታወቅ፣ ነገር ሲበላሽ ደጁ የሚኬድበት ሰው ነው። እኔ ከካርቶኑ ያወጣሁትን የዋስትና ካርድ ሰጠኋቸው። ገለባብጠው መለሱልኝ።

«ይኼማ ወረቀት ነው። እኔ የጠየቅሁህ ሰው ነው።»

ከኋላቸው ሦስት ገዥ ቆሟል፤ ቸኩያለሁ። «እኔ ነኝ ዋሱ» አልሁ። ሽማግሌው ወደ ሦስቱ ዞረው «ሰማችሁ?» አሉ። «ሰምተናል» አሉ። መስማት አያስከፍል።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ በአህያ ተጭኖ ተመለሰ። ቤንዚን ይጠጣል፣ ይጮኻል፤ ውሃ ግን አይስብም። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሽንኩርቱ ቢበዛ አምስት ቀን ይታገሣል» ብለው ሱቄ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚገባው ገዥ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለምን እንደተቀመጡ አንድ በአንድ ይነግሩታል። ነገር አይጨምሩም። እውነቱ ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ሞተሩን ይዤ ሞጣ ወዳለው አከፋፋይ ለመሄድ መናኸሪያ ወረድሁ። ያን ሰሞን መኪና ይውጣ አይውጣ ሾፌሩም አያውቅም። ተሳፈርን፣ ወረድን፣ እንደገና ተሳፈርን፣ ቀኑ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሣን። ግንደወይን ላይ ሌላው ምሳውን ሲበላ እኔ መኪናውን ስዞር ቆየሁ፤ እግሬ መቀመጥ እምቢ አለኝ። ከሽንኩርቱ አምስት ቀን ስንት እንደቀረ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ጣቴ ያንኑ ቁጥር ነው የሚነግረኝ፣ እኔ ግን ደግሜ እቆጥራለሁ።

አከፋፋዩ ካርዱን ገና ሲያየው ሣቀ።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ዋራንቲ ነው።»

«እኮ፣ ጋራንቲ። ያው አይደል?»

«ያው ቢሆን ሁለት ስም ምን ያደርግለታል? ፈረንጅ በከንቱ ቃል ያባክናል?»

ስንጯጯህ ከጎን ሱቅ ደብተር ሲገዙ የነበሩ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ዳኛ ሆነው ተጠሩ። ካርዱን ጉንዳን የሚያካክሉትን ፊደሎች ሳይቀር አነበቡት።

«ጋራንቲ ቃል መግባት ነው» አሉ። «ዕቃው እንዳልሁህ ካልሆነ ገንዘብህን እመልሳለሁ፣ ወይ ሌላ እሰጥሃለሁ እንደማለት። ዋራንቲ ወሰን ያለው ውል ነው፦ በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ ይህን ካሟላህ፣ እንጠግንልሃለን። የቋንቋው ባለቤቶችም ስለሚያቀላቅሉት አይፈረድብህም። ስሙን ተወውና ከሥሩ ያለውን አንብብ። እዚህ የተጻፈው ጥገና ነው።»

«መቼ ነው የሚጠገነው፣ መምህር?»

«እሱን አይልም።»

አከፋፋዩ አለልኝ፦ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ሦስት ሳምንት።

«ሽንኩርቱ እስከዚያ አይቆይም» አልሁት።

«ለሽንኩርቱ ዋራንቲ አልሰጠሁም።»

ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅለት ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቼ ገባሁ፣ ወጥቼ ገባሁ። መምህሩ ትክክል ናቸው፤ ካርዱ ጥገና ይላል። እኔ ግን በሦስት ሰው ፊት ካርዱን አላነበብሁም፤ «እኔ ነኝ» ነው ያልሁት። ከብት ተራ «ጥገና ላይ ነኝ» ያለ ዋስ አይቼ አላውቅም። አሮጌውን ለጥገና ትቼ አዲስ ሞተር ገዛሁ።

«ዋስ ሆኜ ነው የምገዛው፤ ቅናሽ የለውም?»

«ለዋስ ቅናሽ የለም» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢቸና ስገባ ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ናቸው። ሞተሩን በባጃጅ እስከሚሄድበት፣ ከዚያ በሸክም ወንዝ አደረስነው። ውሃው ቦዩን ይዞ የገባው በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነበር። ከስምንቱ መደብ ሁለቱ ደርቀዋል።

ሽማግሌው ደረቁን ቅጠል በጣታቸው አሽተው አራገፉት። «እነዚህ ሁለቱ ያንተ ድርሻ ናቸው» አሉኝ።

አሁን ካርድ ሳነብ ከሥሩ እጀምራለሁ። አንድ ሰው «ዋስትና አለው?» ሲለኝ «ጥገና አለው» እላለሁ። «ዋሱስ?» ያለኝ እንደሆነ ግን መልሴ አሁንም ያው «እኔ ነኝ» ነው። የተጫነ አህያ በሱቄ ደጅ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ።

አዲሱ ሞተር ሽማግሌው ጋ ነው። አሮጌው በሰባተኛው ሳምንት ተጠግኖ መጣ፤ መጠገኑን ተናግሬ በግማሽ ዋጋ ሸጥሁት። ስድስት መደብ ሽንኩርት ገበያ ወጣ። የቀረው የሞተር ግማሽ ዋጋ ከእኔ ኪስ ነው።