ውኃ እስኪመጣ መያዣ

እሳት ከማጥፋት ሥራ እሳቱ ሳይሆን ሰዉ ያስፈራል ቢባል የሚያምን የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛዋ ሥርጉት ግን ታምናለች። የመኪናው ውኃ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ቆሞ የሚያይ ሰው አያውቅም። ሾፌሩ ሊቀዳ መሪውን ወደ ጣና ሐይቅ ሲያዞር "ጥለውን ሊሄዱ ነው!" የሚል ጩኸት ይነሣል፤ ድንጋይ ይከተላል። ስለዚህ የሥርጉት ባልደረቦች የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። መኪናው ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ከመካከላቸው አንዱ ከሕዝቡ ጋር ይቀራል። "መያዣ" ይሉታል፤ ሰዋቸውን ጥለው እንደማይሸሹ እንዲታመን ነው። ሴት አይደበድቡም በሚል መያዣነቱ አብዛኛውን ጊዜ ለሥርጉት ይደርሳታል። ይህን ያሰቡት እንግዲህ ወንዶቹ ናቸው። ለምን ሁልጊዜ እኔ ስትል ይስቃሉ፤ እሷ አትስቅም። አምና መያዣ ሆኖ የቀረው ባልደረባቸው የፊት ጥርሱን አጥቶ ነው የተመለሰ።

የመጋቢት ነፋስ አቧራውን በሚያንከራትትበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጠለ። ሰጋቱራ፣ ቀለም፣ ቫርኒሽ፤ እሳት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሥርጉትና ባልደረቦቿ ያላቸውን ውኃ ሁሉ አፈሰሱበት። ነበልባሉ ጎንበስ አለ እንጂ አልጠፋም። ቱቦው አንዴ ሁለቴ አስሎ ደረቀ።

"ሥርጉት፣ ቅሪ" አለ የቡድኑ መሪ ደሞዝ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ሾፌሩ አንዳርጋቸው መኪናውን አዞረና መንገድ የዘጉትን ባጃጆች እየገላመጠ ወጣ። ሥርጉት መጥረቢያዋን ይዛ በሰው መካከል ቀረች።

ከሚቃጠለው ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘች የወይዘሮ አገርነሽ አንዲት ክፍል ቤት አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌሎች የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። ወይዘሮ አገርነሽ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጭቃውን በገዛ እግራቸው ረግጠው የሠሯት ቤት ናት። ጎረምሶች ገመድ ይዘው መጡና እሳቱ ወደ ሌሎቹ እንዳይሻገር እናፍርሳት አሉ። ሥርጉት ፊታቸው ቆመች።

"አትንኳት! መኪናው አሁን ይመለሳል።"

"እውነትሽን ነው፣ ልጄ?" አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

"እውነቴን ነው፣ እማማ። መጣ ይበሉ።"

የመያዣ ሥራ ይኸው ነው፤ ያላዩትን መኪና መጣ ማለት። ከአፏ ሲወጣ እሷም አምናው ነበር። መኪናው ግን አልመጣም። እሳቱ ከተከመረው ጣውላ ሥር እንደገና ነፍስ ዘራ። ሰዉ መንገዱን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ደግሞ መንገዱን አየ። ስልኳ ጮኸ።

"እምቦጭ አረሙ መሳቢያ ቱቦውን ጠቅጥቆ ዘጋብን" አለ አንዳርጋቸው፣ እያለከለከ። "ደሞዝ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየጎረጎረ ነው። መቼ እንደምንደርስ እንጃ።"

"ለሰዉ ምን ልበል?"

"እየመጡ ነው በያቸው እንጂ! ሌላ ምን ትያለሽ?"

ስልኩ ተቋረጠ። ሥርጉት ግን ከጆሮዋ ላይ አላነሣችውም፤ እስካላነሣችው ድረስ ምን አሉ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ፈርታለች። እየመጡ ነው ካለች ለጊዜው ትተርፋለች። እውነቱን ከተናገረች ብቻዋን ናት፤ ሰዉን የሚይዝላት የለም። ነበልባሉ የወይዘሮ አገርነሽን ጣሪያ ጠርዝ መላስ ጀመረ። ከዚያች ቤት ካለፈ የተደረደሩትን ቤቶች የሚያቆምላቸው የለም።

"ስሙኝ!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "መኪናው ውኃ መሳብ አልቻለም። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።"

"ውሸታም!" ድንጋይ መጥቶ የራስ መከላከያ ቆቧን አንኳኳ። ጆሮዋ ጮኸ። ሴት አይደበድቡም የሚለው የወንዶቹ ስሌት እስከዚህ ድረስ ነበር። እግሬ አውጪኝ ማለት ፈለገች፤ እግሯ ግን ወደ ወይዘሮ አገርነሽ ወሰዳት።

"እማማ፣ ሳላውቅ ይመጣል አልሁዎት። ቤትዎ መፍረስ አለባት። አሁኑኑ።"

ወይዘሮ አገርነሽ ወደ ውስጥ ገብተው ጋቢያቸውንና አንድ ሣጥን አወጡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

"አፍርሱ" አሉ።

ድንጋዩን የወረወረው ጎረምሳ ራሱ ገመዱን ምሰሶው ላይ ቋጠረ። ሥርጉት ማገሩን በመጥረቢያዋ መታችው። ሰዉ ባንድነት ሲጎትት ቤቷ እየተንቋቋች ተደረመሰች። ቆርቆሮውን እየጎተቱ አራቁት፤ በቀረው እንጨት ላይ አፈር ሞጀሩበት።

አቧራው ገና መሬት ሳይነካ የመኪናው ጩኸት ከታች ተሰማ። ሥርጉት በሕይወቷ እንደዚያ የጠላችው ድምፅ የለም። ደሞዝ እስከ ደረቱ ረጥቦ፣ ትከሻው ላይ የእምቦጭ ቅጠል ተለጥፎበት ወረደ። በአዲሱ ውኃ እሳቱን አጠፉት። የተደረደሩት ቤቶች አንዳቸውም አልተነኩም።

"ደግ አደረግሽ። ባታፈርሺያት ሰፈሩ አይተርፍም ነበር" አላት ደሞዝ። እሱ በቦታው አልነበረም፤ በምን ያውቃል?

ወይዘሮ አገርነሽ ፍርስራሹ አጠገብ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሥርጉት ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች።

"ትንሽ ብንታገሥ ትተርፍ ነበር ወይ?" አሏት።

ተቃጥላ ነበር ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"አላውቅም፣ እማማ።"

ወይዘሮ አገርነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም አላውቅም። ተይው። ዛሬ የት ነው የማድረው? እሱን ንገሪኝ።"

አንዳርጋቸው ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ከከተማ ሌላ ጥሪ መጥቷል። ሥርጉት መኪናውን አየች፣ ከዚያ ፍርስራሹን አየች። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። መልስ ሳትሰጣቸው ተነሥታ ወደ መኪናው ሮጠች።