ዓሪፋ የሞላችው የኪኒን ሳጥን

ጀላልዲን ሚስቱን መውደድ ያበዛል ይባል ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። እዚያ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ እየነዳ በቀን አሥር ጊዜ ኮል ያደርግላታል፤ "ዓሪፍዬ፣ በላሽ?" ለማለት ብቻ። ጎረቤት ሴቶች በቅናት ሲብሰለሰሉ ዓሪፋ ሆዬ ትንቀባረር ነበር።

በ2010 ሀይዌይ ላይ መኪና ገጨውና እንቅልፉም ልቡም ከዳው። ዶክተሩ የጭንቀት ኪኒን አዘዘለት። ለዘመድ አዝማድ ግን "የጨጓራ ነው" ተባለ፤ የጭንቅላት መድኃኒት ይውጣል ከተባለማ አበሻ አብዷል ብሎ ይጨርሰዋላ! ሲልቨር ስፕሪንግ ፋርማሲ የምትሠራው ዓሪፋ ናት፤ በየሳምንቱ ኪኒኑን በፕላስቲክ ሳጥን የምትደረድርለትም እሷው።

ፍርሃቱ ለቀቀው። ፍቅሩም አብሮ ለቀቀው። አይጣላት፣ አይስቅላት፤ ብታለቅስ "አይዞሽ" ብሎ ኳሱን ያያል። ኮሌጅ የገባችው ልጃቸው ፈይሩዝ፣ "ማም፣ ኬሚካል ነው። ኪኒኑ ፍርሃቱንም ፍቅሩንም አንድ ላይ ሊያደበዝዘው ይችላል። ለዶክተሩ ንገሪው፣ መጠኑን አድጀስት ያደርገዋል" አለቻት። ባሌ አይወደኝም ብሎ ለዶክተር መናገር? ኧረ ነውር ነው! ዓሪፋ ኪኒኑን ቀስ በቀስ አወጣችና መልኩ የሚመሳሰል ቫይታሚን ተካችበት።

በሁለተኛው ወር ጀላልዲን ማፏጨት ጀመረ። ሽቶ ገዛ፤ ስልኩ ከእጁ አልወርድ አለ። "አልሐምዱሊላህ፣ ባሌ መጣልኝ!" አለች። የእሷ ስልክ ግን አልጠራም።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ፊቱ እንደ ድሮው ያበራል።

"ዓሪፋ፣ ኪኒኑ አዳነኝ። ሞቼ ነበር እኮ! ስፕሪንግፊልድ ያለችውን ፈት፣ ሙፈሪሓትን ታውቂያታለሽ አይደል? ኒካሕ ልናስር ነው።"

ያ አላህ! በገዛ እጇ! ብትጮህስ ምን ልትል? ኪኒንህን እኔ ነኝ የደፋሁት ልትል? ዋጥ አደረገችው።

"ይሁን፣ ብቻ ረመዳን ይለፍ" አለችው በእርጋታ። በዚያው ሳምንት ቫይታሚኑን ጥላ እውነተኛውን ኪኒን መለሰች። ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን!

ረመዳን አለፈ። ሙፈሪሓት ደጋግማ ትደውላለች፤ ስልኩ ሶፋው ላይ ይንጫጫል፣ ጀላልዲን ኳሱን ያያል።

"አታነሳላትም እንዴ?" አለችው ዓሪፋ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት።

"ምን ላደርጋት?" አለ። ዘወር ብሎ አያት፤ ቁጣም የለበት፣ ምንም የለበት። "እሷም ሆነች አንቺ ለእኔ ያው ናችሁ" አለና የቲቪውን ድምፅ ከፍ አደረገ።