የእማዬ ፉልና የሳሮን ኬክ

ሳሮን ተመረጠች... የትምህርት ቤታቸውን የዓመት መዝጊያ ኬክ የምትጋግረው የኔ ልጅ ናት። ሰላምታውን ረስቼው አይደለም፣ ደስታው ቀደመኝ እንጂ። አሁን እንዴት ዋላችሁ፣ ሰላም ናችሁ?

ለማታውቋት... ሳሮን የመጨረሻ ልጄ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚህ ጁባ የሲኒየር ስሪ፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ማጠናከሪያ፣ ቤት ስትገባ የቤት ሥራ። በዚህ ሁሉ መሃል የኬክ ፍቅር ያዛት። ኦቨን የለንም። ትልቁን ድስቴን ትወስድና ውስጡ አሸዋ ነስንሳ ከሰል ምድጃ ላይ ትጥደዋለች፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ትደረድርበታለች። በአንድ እጇ የባዮሎጂ ደብተር፣ በሌላው ማራገቢያ። አንዳንዴ ማራገቢያው ራሱ ደብተሩ ነው።

የመጀመሪያው ኬክ አሸዋ ገባበት። ሌላው ከሥሩ ከሰል፣ ከላዩ ሊጥ ሆነ... የጎረቤት ውሻ እንኳን አሽትቶ ትቶት ሄደ። በዚያ ላይ የሒሳብ ውጤቷ ወረደ። ሀይ ጀላባ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው አባቷ ይሄኔ መረረው።

«ለማዳምሽ ቃል የገባሽውን ይሄን አንዱን ጋግሪ። ከወደደችው ትቀጥያለሽ። ካልወደደችው እስከ ፈተናው ማብቂያ ድስቱን እንዳትነኪ» አላት።

ሳሮን ማዳም የምትለው የክፍላቸውን ኃላፊ መምህርት ነው፣ የአገሩ ሰው ናት። የፉል ኬክ ትወዳለች። አርብ ለሻይ አምጪልኝ፣ ጥሩ ከሆነ የዓመት መዝጊያውን አንቺ ትጋግሪያለሽ ብላታለች።

ሐሙስ ጠዋት ሳሮን ቦዳ ሞተር ላይ እየወጣች...

«እማዬ፣ ፉል ግዢልኝ። ቆልተሽ፣ ልጠሽ፣ ፈጭተሽ ጠብቂኝ።»

«እሺ የኔ እናት።»

ምን የሚያጠያይቅ ነገር አለው? ፉል ማለት ፉል ነው። አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት በዳቦ ስንበላው ኖረናል። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄድኩና የደረቀውን ባቄላ በጣቴ አሳይቼ ገዛሁ። የባቄላ ኬክ ግር አላለኝም አልልም... ግን የአገሩ ሰው ምን እንደሚወድ እኔ በምን አውቃለሁ። ቆላሁት፣ ላጥኩት፣ ፈጨሁት። እጄ የለመደውን አይተውምና ኮረሪማም ጣል አደረግኩበት። በርበሬ ልጨምር ብዬ ነበር... እጄን የያዘልኝ ጌታ ነው።

ሳሮን አመሻሽ ላይ መጣች። በማግስቱ የኬሚስትሪ ፈተና ስላለባት ከንፈሯ እያነበነበ ነው የገባችው። የፈጨሁላትን ሳታሸት ሳትቀምስ ከእንቁላሉና ከስኳሩ ጋር መታችው፣ ጣደችው፣ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ትንሽ ቆይቶ አባቷ ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆመና አየር ሳበ።

«ሽሮ ነው? ጎሽ፣ ርቦኝ ነው የመጣሁት።»

«የምን ሽሮ... ኬክ ነው» አልኩት።

«እኔን ነው ሽሮ የምታስተምሪኝ?»

ሳሮን ከደብተሯ ቀና አለች። ድስቱን አየች... እኔን አየች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የፈጨሽው?»

«ፉል ነዋ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

የተረፈውን በእፍኜ ይዤ አሳየኋት።

«እማዬ... ይሄ ባቄላ ነው። እዚህ ፉል ሲሉ እኮ ኦቾሎኒ ነው።»

ስድስት ዓመት ጁባ ስኖር ኦቾሎኒ ስንቴ ገዝቻለሁ፣ ግን ሁሌ በጣቴ እያሳየሁ ነው። ስሙን ማን ጠየቀ? እሷ ቋንቋውን ከጓደኞቿ ጋር እየተጫወተች ለመደችው፣ እኔ አዲስ አበቤ እንደሆንኩ ቀረሁ።

«ሮጥ ብዬ ልግዛ?» አልኳት።

«ገበያው ተዘግቷል። እንቁላሉም አልቋል።» ከዚያ ቀስ ብላ... «በቃ፣ ድስቱ ሄደ» አለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኬኩ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ኬክ ያልሠራውን ሠርቷል። ተነስቷል፣ ቡናማ ሆኗል፣ አንድ ፍሬ አሸዋ የለበትም። አባቷ ከዳሩ ቆረሰና አኘከ። ደግሞ ቆረሰ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ቆይ፣ እየበላሁ ነው።»

«አባዬ ተው፣ የማዳም ነው» ብላ ሳሮን ነጠቀችው።

አርብ ጠዋት ኬኩን ታቅፋ ቦዳው ኋላ ተቀመጠች።

«ምን ልበላት?»

«እውነቱን። ፉሉን የገዛችው እናቴ ናት በያት።»

እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ሁለቴ ጨው ሳልጨምር ወጥ ሠርቻለሁ።

ከሰዓት ባዶ ዕቃ ይዛ ገባች። ማዳም ታሪኩን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች አለችኝ። ከዚያ በሻይ ቀመሰችው... «ኩዌስ ሸዲድ» አለች፣ በጣም ጥሩ ነው ማለቷ ነው፣ ይሄን እንኳን እኔም አውቃለሁ። ሌሎቹን መምህራን ጠርታ አስቀመሰቻቸው፣ የሚሸተው ምንድን ነው ብለው ስለ ኮረሪማዬ ጠየቁ።

«የኦቾሎኒውንማ ማንም ይጋግረዋል። ለመዝጊያው ይሄንን የሀበሻ ፉል አምጪ» አለቻት ማዳም።

አባቷ ማታ ሲሰማ ፈገግታውን ሊደብቅ ሞከረ።

«ድስቱ ያንቺ ነው፣ ቃል ቃል ነው። ኬሚስትሪውስ?»

«እሱም ሳይነሳ አይቀርም፣ አባዬ።»

እንግዲህ ከመዝጊያው በፊት ልምምድ ያስፈልጋታል፣ ሁለት ኬክ ትጋግራለች፣ አንዱ በሷ ፉል፣ አንዱ በኔ ፉል። ሁላችሁም ቡሉክ ሰፈር ቤታችን መጥታችሁ ትፈርዳላችሁ። ከበር ሽሮ ሸቶት እንጀራ አምጡ የሚል ካለ ግን አልሰማሁም። ከአምልኮ በኋላ ነው... እሑድ።