ቬሎው ሳይደርቅ

ሠርጌ እንዳለፈ ያስጨነቀኝ ነገር ቬሎውን ማጠብ ነበር። የእኔ አልነበረም። የአዋሳው ጸሎት ቤታችን በደርግ ከታሸገ ወዲህ የምእመናኑ ሴቶች ልጆች በየተራ የሚዳሩበት አንድ ቬሎ ነበር፤ ከእኔ ቀጥላ የምታገባዋ ልጅ እየጠበቀችው ነው።

ቀበሌ ሄደን የተፈራረምነው በዘወትር ልብሳችን ነው። ቬሎውን የለበስኩት ከዚያ በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ፣ በባለቤቴ አጎት ጓሮ፣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጭነው በስውር ሲባርኩን ብቻ ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጠርዙ የሐይቅ ዳር ጭቃ ጠጥቶ ተመለሰ።

አጥራችን የሳሳ ስለሆነ ውጭ ማጠብ የማይታሰብ ነው። ከአማቴ ጋር መኝታ ቤት ገብተን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ በትልቅ ሳፋ የእንዶድ አረፋ ውስጥ ነከርነው። ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል።

"በጣም አትፈትጊው ልጄ፤ ዳንቴሉ ይተረተራል" ይሉኛል አማቴ።

በሩ ሲንኳኳ የሁለታችንም እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

ለፍተሻ የመጡ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ነበሩ። ሰውየው ጠመንጃውን እንዳነገተ ሳሎን ቆመ፤ ሌላዋ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ በቀጥታ ወደ እኛ ገባች። ጎንበስ ብላ የጨርቁን ጫፍ ከአረፋው አወጣች።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

አማቴ ዋሽተው አያውቁም። ዛሬን ብቻ ይዋሹ ብዬ በልቤ ለመንኩ።

"የሠርግ ልብስ ነው።"

"የእሷ? ቀበሌ ስትፈርም ግን አልለበሰችውም።"

"አዎ፤ የለበሰችው ዘመድ ቤት ነው።"

"ማን ጸለየላቸው?"

አማቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተነሡ።

"እሱን አልነግርሽም።"

ልጅቷ የያዘችውን ጫፍ መልሳ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። ሳሎን የቆመው ሰው ግን ሰምቶ ኖሮ፣ እርጥቡን ቬሎ ጆንያ ውስጥ ከትቶ አማቴን ይዟቸው ወጣ። ልከተላቸው ስል ዞር ብለው፣ "አንቺ እዚሁ ሁኚ፤ ልጄ ከሥራ ሲመጣ ባዶ ቤት እንዳይጠብቀው" አሉኝ፣ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ ይመስል።

ከባለቤቴ ጋር ምግብ ይዘን ቀበሌ ተመላለስን። ሳህኑን ይቀበሉናል እንጂ እሳቸውን አያሳዩንም። የባረኩን ሽማግሌ ወሬውን ሰምተው ቤታችን መጡ።

"ሄጄ እጄን ልስጥ" አሉ።

"እናቴ አፏን የዘጋችው ለእርስዎ ነው" አላቸው ባለቤቴ። "ከሄዱማ ልፋቷ ምን ሊሆን ነው?" ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ዳግም እናያቸዋለን የሚለውን ተስፋ በቆረጥንበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አማቴ በእግራቸው መጡ። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ጆንያውን በደረታቸው አቅፈዋል።

"ያቺ ልጅ ናት ያመጣችልኝ" አሉ። "አልጠየቅኋትም።"

ቬሎው ሻግቶ ይሸት ነበር፤ ደረቱ ላይ የብረት ዝገት ታትሞበታል። እንደገና በእንዶድ፣ ከዚያ በሎሚና በጨው አጠብነው። ሻጋታው ለቀቀ። ዝገቱ ግን ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። አማቴ ከክት ነጠላቸው ቆርጠው በቦታው ላይ አበባ ሰፉበት። ቤት ውስጥ አድርቀን፣ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለን፣ ብል እንዳይበላው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምረንበት ኮርኒስ ላይ አስቀመጥነው።

ተረኛዋ ሙሽራ ልትወስደው ስትመጣ የደረሰብንን ሁሉ ነገርኳት።

"ከፈራሽ ተይው፤ ማንም አይቀየምሽም" አልኳት።

ቬሎውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ለካችው።

"እጅጌው አልረዘመብኝም?" አለችኝ።